ደግሜ ያልከፈልኩት ቁርስ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት የካቲት ውስጥ፣ ከደባርቅ ወደ ጎንደር ስመለስ ኮሶዬ ላይ ነው። ነገሩ የአንድ ሳህን ሽሮና የሁለት ብርጭቆ ሻይ ሂሳብ ነበር። ለዚህ ነገር ዓመት ሙሉ ይታሰባል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፤ ስልኬን አውጥቼ አንድ ነገር በከፈልኩ ቁጥር የዚያች ሴት ፊት ይመጣብኛል።

ማን እንደሆንኩ ልናገር። የተወለድኩት ጎንደር አጠገብ፣ ወለቃ ነው። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ቤተሰባችን ወደ እስራኤል ሄደ፤ አሁን አርባ አልፎኛል። አማርኛዬ ያልጠፋው እናቴ ቤት ውስጥ በሌላ ቋንቋ ስናገራት መልስ ስለማትሰጠኝ ነው። ስሜ ሙሉ ነው። ፓስፖርቴ ላይ ግን ማልካ ይላል፤ እዚያ ስንደርስ የተሰጠኝ ስም ነው።

እናቴ ያወራችልኝ ጎንደር ብር በመቀነት የሚቋጠርበት ጎንደር ነበር። እኔ የደረስኩበት ሌላ ነው። ነዳጅ የሚቀዳው በስልክ ከፍሎ ነው። ጫማ ጠራጊው ሳይቀር የስልክ ቁጥሩን ሳጥኑ ላይ ጽፏል። በመጀመሪያው ቀን የመነዘርኩትን ብር ይዤ እንደ ሞኝ ስዞር ዋልኩ። አንዱ ትኬት ቆራጭ «ካሽ አንቀበልም» አለኝ። የስልክ ክፍያ የለኝም ስለው «እና ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

በማግስቱ በፓስፖርቴ ሲም ካርድ አወጣሁና የስልክ ክፍያ ለማስከፈት ወረፋ ያዝኩ። አንደኛው መስኮት «የውጭ ዜጋ ነሽ፣ ወዲያ ሂጂ» ይለኛል፤ ወዲያ ስሄድ ደግሞ «አማርኛ ትችያለሽ እኮ፣ ወዲህ ምን አመጣሽ?» ይሉኛል። ግማሽ ቀን እንዲህ ከተንከራተትኩ በኋላ ተከፈተልኝ። ከዚያ ወዲያ የቀረኝን ብር ቦርሳዬ ታች ወርውሬ ሁሉንም በስልክ እከፍል ጀመር። እንደ አገሩ ሰው ሆንኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

መንገዱ ክፍት የነበረበት ሰሞን ነው። አያ ሞላ የሚባል የጎንደር ሾፌር ይዤ ደባርቅ ወጣሁ፣ ተራራውን አየሁ፣ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተመለስን። የዚያኑ ቀን አውሮፕላኔ ከአዘዞ የሚነሳው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ኮሶዬ ደረስን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቁርስ ልብላ ብዬ አንድ የቆርቆሮ ምግብ ቤት ደጅ አቆምን። አያ ሞላ ጾም ስለያዘ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም፤ መኪናው ውስጥ ቀረ።

የቤቱ ባለቤት ትርንጎ ትባላለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፈገግታ የማታውቅ ሴት ናት። ሽሮው ግን ሸጋ ነበር፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ስጨርስ ግድግዳው ላይ በካርቶን ተጽፎ የተለጠፈውን ቁጥር አየሁና ስልኬ ላይ አስገባሁት። ስልኬ የሚላክለት ሰው ፈንታሁን ነው አለኝ።

«ፈንታሁን ማነው?» አልኳት።

«ባሌ ነው። ገንዘቡ በእሱ ስልክ ነው የሚገባ።»

ላክሁ። «ተከፍሏል» አለ። እሷ በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ ባሏ ጋ ደወለች። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሄዷል። «ገባ?» አለችው። ሰማችና ዘጋች።

«አልገባም» አለችኝ።

ስልኬን አሳየኋት። አላየችውም። «እሱን ፎቶ ብዙ አይቻለሁ» አለች። «የውሸቱን ሠርታችሁ ታሳዩናላችሁ። ከዚያ መኪና ውስጥ ገብቶ መሄድ ነው።»

ኔትወርክ ይሆናል አልኳት። «ምነው፣ ባሌ አሁን አናገረኝ አይደለም?» አለች።

አያ ሞላ ድምፅ ሰምቶ መጣ። ነገሩን ሲረዳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ደግመሽ ክፈይና እንሂድ፤ ይችን ታህል ነገር» አለኝ። ቦርሳዬ ታች ብር እንዳለ አስታወስኩ። እጄን ወደ ቦርሳዬ ሰደድኩ፤ ልከፍል ነበር።

ትርንጎ እጄን አየችና ለአያ ሞላ «ትከፍላለች እንጂ» አለችው። «እስከ ዛሬ የተያዘ ሁሉ ደግሞ ይከፍላል። ያልሰረቀ ሰው ምን ቆርጦት ሁለቴ ይከፍላል?»

እጄን መለስኩ። በምኖርበት አገር በየሱቁ በር ቦርሳዬ ከሌላው ሰው ይልቅ ሲፈተሽ ኖሯል። በተወለድኩበት አገር ደግሞ ሌባ ነኝ ብዬ ፈርሜ አልወጣም አልኩ። እናቴ እልኸኛ ትለኛለች፤ አልዋሸችም።

ከዚያ የሠራሁት ሥራ የራሴ ሞኝነት ነው። እንግዳ መሆኔን ስታይ ትለሳለሳለች ብዬ ፓስፖርቴን አወጣሁ። ተቀበለችኝ፣ ገለጥ አድርጋ ፎቶዬን አየች፣ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። «ገንዘቡ ሲገባ ትወስጂዋለሽ» አለች።

ያለ ፓስፖርት አውሮፕላን ላይ እንደማልወጣ ነገርኳት። «እንግዲያ ክፈይ» አለች። ባሏ ጋ ድጋሚ ደወለች፤ ስልኩ ተዘግቷል።

ሰው ተሰበሰበ። ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ከአፍታ በፊት መንገዱ ላይ አህያ እንኳ አልነበረም። «በስልክ የምትሰርቀዋ ተያዘች» ሲባል ሰማሁ። አንዱ ጎልማሳ ትልቅ ድንጋይ አንከባሎ ከመኪናው ጎማ ፊት አስቀመጠ።

ቆይቶ አያ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ሰው ሁሉ ቦታ ለቀቀላቸው። ሁለታችንንም ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ዋስ ጥሪ» አሉኝ።

«ምን ዋስ?»

«ይች ሴት አልሰረቀችም፣ ሰርቃ ብትገኝ ተጠያቂ እኔ ነኝ የሚል ሰው።»

አያ ሞላን አየሁት። ሦስት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ «አንቺ እኮ እንደ እህቴ ነሽ» ሲለኝ ነበር። የመኪናውን ቁልፍ እያገላበጠ «እኔ ሾፌር ነኝ አባቴ» አለ። «በዚህ መንገድ ነው እንጀራዬን የምበላ። እሷን ከሦስት ቀን ወዲያ አላውቃትም።»

ሽማግሌው «አንችስ የማን ልጅ ነሽ? ከወዴት ነሽ?» አሉኝ።

«ሙሉ እባላለሁ፤ ወለቃ ነው የተወለድኩ» አልኳቸው። «አባቴ ቀጥቃጭ ነበር።»

ከፊቴ የቆመች አንዲት ሴት ያቀፈችውን ሕፃን ፊት በነጠላዋ ሸፈነችው። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። እናቴ ግን ልጅ ሆኜ ነግራኛለች፤ የቀጥቃጭና የሸክላ ሠሪ ዓይን ሰው ይበላል ብለው ይፈሩን ነበር። ወሬ ይመስለኝ ነበር፤ በዓይኔ አየሁት።

«ይችን ልመን?» አለች ትርንጎ ለሽማግሌው። «የእናቴ ልጅ እንኳ በዚሁ ስልክ ሰርቆኛል። ወንድሜ ይርጋ፣ ለልጁ ክርስትና የሚሆን በግ ከእኔ ገዝቶ በስልክ ላክሁልሽ አለኝ። አልገባም። ደግመህ ክፈል ስለው ይኸው እንደዚች ፎቶውን እያሳየ እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠም። የእናታችንን ተዝካር እንኳ ለየብቻ ነው ያወጣን።» ወደ እኔ ዞረች። «አንች ማነሽና ነው የማምንሽ?»

«ወንድምሽን ያላመንሽ እኔን ብታምኚኝ ነበር የሚገርመኝ» አልኳት።

ያየችኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አለ። አያ ተገኘ በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው ፈረዱ፤ ፈንታሁን መጥቶ ስልኩን በሰው ፊት እስኪከፍት ማንም ከቦታው አይሄድም። በመንገዱ በሚያልፍ ሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ «ቶሎ ና» ብለው መልእክት ላኩበት።

ደጁ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠ አልነበረም። አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ሆነ። ፀሐይዋ ስትከር ውሃ ጠማኝና ትርንጎን ውሃ አልኳት። «ውሃውንም በስልክ ነው የምትከፍይ?» አለችኝ። ሰዉ ሳቀ። ውሃው አልመጣም።

አያ ሞላ መጣና «እሽ እኔ ልክፈልልሽ» አለኝ።

«ብትከፍል ከአንተ ጋር አልሄድም።»

«አውሮፕላኑስ?»

«ይሂድ» አልኩት። የምሬን ነበር። ሌባ ተብዬ በጊዜ ከመድረስ እዚያው ውዬ እዚያው ባድር ይሻለኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ፈንታሁን ከሚኒባስ ወረደ። ጢሙን የተላጨ፣ ንጹሕ ጃኬት የለበሰ፣ ለሁሉም አንገቱን ሰበር እያደረገ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ነው። ነገሩ ሲነገረው ፈገግ አለ። «አልገባም ብያለሁ እኮ» አለ።

«ስልኩን ክፈተው» አሉ አያ ተገኘ።

«ባትሪ ጨርሷል አያ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ ቦርሳዬን ፈትሼ መንገድ ላይ ስልክ የምሞላበትን ባትሪ አወጣሁ። ያን ጊዜ ነው የሰውየው ፈገግታ ከፊቱ የጠፋው። ትርንጎ አላየችውም። እኔን ለማዋረድ ቸኩላ ስልኩን ከእጁ ወሰደችና ራሷ ሰካችው። ሲበራ ለአያ ሞላ ሰጠችው።

«አንተ አንብበው» አለችው። «ዋስ እንኳ አልሆንክላትም፤ አታዳላላትም።»

አያ ሞላ መነጽሩን አደረገ። መልእክቶቹን ከፈተና ከላይ ያለውን አነበበ። ገንዘቡ ልክ ነው። ሰዓቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው። የላከችው ማልካ ትባላለች።

«ማልካ ማናት?» አለች ትርንጎ። «ይች ሙሉ ነኝ ነው ያለች።»

«መቀነትሽ ውስጥ ያለውን ክፈችና እይው» አልኳት። ለአያ ሞላ አቀበለችው። ፓስፖርቱንና ስልኩን ጎን ለጎን ይዞ አየ። «እሷ ናት» አለ። «ገብቷል።»

እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ስሜ ነጽቷል፤ ፓስፖርቴን ተቀብዬ፣ መኪና ገብቼ መሄድ ነበር። ነገር ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ በፀሐይ ተቀምጬ ውሃ ተከልክያለሁ፤ ያንን የተሸፈነ ሕፃን አይቻለሁ። አንድ ነገር በአእምሮዬ መጣ።

«በመልእክቶቹ ወደ ታች ውረድ» አልኩት አያ ሞላን። «ይርጋ የሚል ፈልግ።»

አያ ሞላ በመነጽሩ ላይ አየኝ። «ይቅርብሽ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ፈልግ።»

ፈንታሁን እጁን ወደ ስልኩ ሲዘረጋ አያ ተገኘ ዱላቸውን መካከል ላይ አደረጉ። አያ ሞላ ወደ ታች ወረደ። ብዙ ስም ነበር። አንዳንዱን ሲያነብ ትርንጎ ታውቀዋለች፤ «ይኼ የዳባቱ መምህር ነው፣ ደግሞ ከፍሎኛል» አለች። ቀጥሎ የሠርግ መኪና ሾፌር፣ ቀጥሎ አንዲት ነርስ። ሁሉም ደግመው በጥሬ ብር የከፈሏት፣ እሷም ሌባ ያለቻቸው ሰዎች ናቸው። ባልየው እየደረሰው አልደረሰኝም ይላታል፤ እነሱ አፍረው ደግመው ይከፍላሉ፤ የስልኩ ለእሱ ይቀራል። እሷ ሳታውቅ ለዓመታት ሰው ስታስፈራራለት ኖራለች።

ከዚያ አያ ሞላ ቆመ። «ይርጋ» አለ። «ሰኔ ውስጥ ነው። የበግ ዋጋ።»

ከኋላ የቆመ አንድ ሰው «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለ። ጠዋት በእኔ የሳቁት ሰዎች አሁን በእሷ ሳቁ።

እሷ አልጮኸችም። ባሏን አየችው። «ይርጋም?» አለችው።

«ለቤቱ ነው እኮ» አለ። ጃኬቱን ሰብሰብ አድርጎ ወደ ጓሮ ሄደ፤ አያ ተገኘ ሁለት ሰው አስከተሉበት።

ትርንጎ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። አያ ሞላ ፓስፖርቱን ሲመልስ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ ነው የዘረጋው፤ ምናልባት ራሷ እንድትመልስልኝ ብሎ ይሆናል። ተቀበለችው፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ ሳታየኝ ሰጠችኝ።

አያ ተገኘ ወደ እኔ መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አላወቀችም ልጄ» አሉኝ። «አፉ በያት። እንዲህ ሆኖ አይኬድም።»

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ተኩል ሆኗል። «አውሮፕላን ያመልጠኛል» አልኳቸው።

መኪናው ውስጥ ገባሁ። ድንጋዩን ያስቀመጠው ጎልማሳ አነሣልን። ልንነሣ ስንል ትርንጎ ተነሥታ ወደ መስኮቴ መጣች። ይቅርታ ልትለኝ መስሎኝ ነበር፤ እንደማልመልስላት ወስኛለሁ።

«አንች ትሄጃለሽ» አለችኝ። «እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር ነው የማድር።» ደግሞም «ምነው ደግመሽ ብትከፍይኝ ኖሮ» አለች።

መስታወቱን ዘጋሁባት።

አዘዞ ልንደርስ ስንል አያ ሞላ «ዋስ ልሆንሽ ይገባኝ ነበር» አለ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሂሳቡን በስልክ ላክሁለት። ስልኩን አወጣ፣ አየ፣ «ገብቷል» አለኝና አንገቱን ደፋ። ሮጬ ገባሁ። አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ዘግይቷል ተባለ።

እነዚያን ሁለት ሰዓታት ባዶ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አሳለፍኳቸው። ኮሶዬ ላይ አንድ ቃል ለመናገር ጊዜ የለኝም ያልኩት እኔው ነኝ።

አሁን ስለዚያ ቀን ምን እንደሚሰማኝ ቢጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው። ባለመክፈሌ አልጸጸትም። የሕፃኑን ፊት የሸፈነችውን ሴት ይቅር አላልኩም፤ የምልም አይመስለኝም። ፈንታሁንንማ አላነሣውም። ግን «ይርጋ የሚል ፈልግ» ያልኩት ለእውነት ብዬ አልነበረም። ላቆስላት ብዬ ነው፤ አቆሰልኳት። ወንድሟን መልሼላት ይሆናል፣ ከወንድሟ ጋር ታርቀው ይሆናል፤ አላውቅም። እኔ ግን እሱን አስቤ አላልኩትም።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ቅዳሜ ምሽት ስልኬን ከፈትኩና «ትርንጎ፣ አፉ ብዬሻለሁ፤ አንቺም አፉ በይኝ። ሙሉ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ልልክ ስል ቁጥሩን አየሁት። ያለኝ የካርቶኑ ቁጥር ነው፤ የባሏ ነው። ብልከው እሱ ጋ ይገባል፤ እሷ ጋ አይደርስም። አጠፋሁት።

ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። በዚያ መንገድ የምታልፉ ካላችሁ፣ ወደ ደባርቅ ስትወጡ በስተቀኝ፣ ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበር ያለበት የቆርቆሮ ቤት ነው። ግቡና ቁርስ ብሉ፤ ሽሮው ሸጋ ነው። ከዚያ ጠጋ ብላችሁ በቃል፣ ለእሷ ብቻ፣ ሙሉ አፉ ብላሻለች በሉልኝ። ሂሳቡን ከመላካችሁ በፊት ግን ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር የማን እንደሆነ ጠይቁ።